የሐበሻ ዶሮና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች፤ ከልደታ የሚነሳ ታሪክ

መግቢያ

የሐበሻ ዶሮ በአዲስ አበባ ሸማች ዘንድ የተለየ ክብር አላት። ሥጋዋ ይጣፍጣል፣ የእንቁላሏ አስኳል ይደምቃል፣ ምግቧም ከደጅ የለቀመችው ጥራጥሬና ትላትል እንጂ ከፋብሪካ የወጣ መኖ አይደለም እየተባለ ከፈረንጅ ዶሮ በላቀ ዋጋ ትሸጣለች። ከዚህ ክብር ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ እምነት አለ። ይኸውም የሐበሻ ዶሮ መድኃኒት ስለማታውቅ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያም አይገኝባትም የሚለው ነው።

በአንጻሩ በጤና ባለሙያው በኩል የተገላቢጦሽ ዝንባሌ ይታያል። አንድ ሳልሞኔላ የተለመዱትን መድኃኒቶች ሁሉ ተቋቁሞ ሲገኝ ጣት ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ርቢ ይቀሰራል። ሁለቱም አመለካከቶች በከፊል እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ታሪኩን በሙሉ አይገልጹም። ታሪኩ በላቦራቶሪ መዛግብት የሚጀምረው በልደታ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በዚያው ግቢ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል ሲሆን፣ መጨረሻው ደግሞ በገጠር ጓሮ ከምትጭረው ዶሮ ጋር ይገናኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ታሪክ በቅደም ተከተል አቅርቦ ከዶሮዋ የሚመጣውን አደጋ ካልመጣው መለየት ነው።

የሐበሻ ዶሮ፣ ፈንግልና የካፕሱሉ ልማድ

የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ለ2013 ዓ.ም. ባወጣው የእንስሳት ሀብት ናሙና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎች የነበሩ ሲሆን፣ ከአምስቱ አራቱ ያህል የሐበሻ ዝርያዎች ናቸው። የሐበሻ ዶሮ የሚለው ስያሜ አንድ ዝርያን አይወክልም። ባለሙያዎች ሆሮ፣ ጃርሶ፣ ቴፒ፣ ጥሊሊ እያሉ በተገኙበት አካባቢ ሲጠሯቸው፣ ገበሬው ደግሞ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ቀይ፣ ነጭ እያለ በላባቸው ቀለም ይለያቸዋል። በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ እንቁላሎችን ብቻ የምትጥለው የሐበሻ ዶሮ በምርት ከውጭ ዝርያዎች ጋር አትወዳደርም። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የዓለማያና የጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች ሮድ አይላንድ ሬድና ነጭ ሌግሆርን የመሳሰሉ እንቁላል ጣይ ዝርያዎችን ማስመጣት ጀመሩ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሆሮን ዶሮ በመምረጥና በማዳቀል ምርቷን የማሻሻል ሥራ አካሂዷል።

የሐበሻ ዶሮ ትልቁ ጠላት ፈንግል ነው። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ሲሆን ወረርሽኙ በተነሳበት ወቅት የአንድን መንደር ዶሮዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊፈጅ ይችላል። መከላከያው ክትባት ነው፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ክትባቱን ያመርታል። ይሁን እንጂ ክትባቱ በሚሸጥበት መጠን በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ስለሆነ፣ አምስትና ስድስት ዶሮ ያላት እናት በቀላሉ አታገኘውም። ስለዚህም ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ትሞክራለች። እነዚህ ካልሠሩ ከመድኃኒት መደብር ወይም ከገበያ ለሰው የተዘጋጀ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ገዝታ ዱቄቱን ከውኃ ወይም ከእህል ጋር ቀላቅላ ትሰጣለች። ይህ ልማድ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች በተካሄዱ የገጠር ዶሮ እርባታ ጥናቶች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል።

ካፕሱሉ ፈንግልን አያድንም፤ ቴትራሳይክሊን በቫይረስ ላይ ምንም ኃይል የለውምና። በዶሮዋ አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ግን ያገኛቸዋል። መጠኑ ያልታወቀ፣ ለአንድና ለሁለት ቀን ብቻ የተሰጠ መድኃኒት ደካሞቹን ገድሎ መድኃኒቱን የተላመዱትን ያስቀራል። ከወረርሽኙ የተረፈችው ዶሮም እነዚህን ባክቴሪያዎች በኩሷ ውስጥ ይዛ በጓሮው፣ በማድቤቱና ሕፃናት በሚድሁበት መሬት ላይ ትመላለሳለች። በመሆኑም የሐበሻ ዶሮ መድኃኒት አታውቅም የሚለው እምነት ከዚህ ላይ ይፈርሳል። የፋብሪካ መኖ ላታውቅ ትችል ይሆናል፤ የቤተሰቡን የመድኃኒት ካፕሱል ግን ታውቀዋለች።

በመኖ የተጀመረው ስህተት

በኢትዮጵያ ገጠር በካፕሱል የሚደረገው ነገር በበለጸጉት አገሮች በቶን የሚቆጠር መድኃኒት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በሌደርሊ ላቦራቶሪ የሚሠሩት ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ ክሎርቴትራሳይክሊን ከተመረተበት ዝቃጭ የተመገቡ ጫጩቶች ፈጥነው እንደሚያድጉ አስተዋሉ። ከዚያ በኋላ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ከዶሮና ከአሳማ መኖ ጋር መቀላቀል የተለመደ የንግድ ሥራ ሆነ። የታመመን እንስሳ ለማከም ሳይሆን ጤነኛውን ለማወፈር የሚሰጥ መድኃኒት በዚህ መንገድ ተስፋፋ።

ጉዳቱን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የእንቁላል ዶሮዎችን የተመለከተ ነበር። የአሜሪካው ሐኪም ስቱዋርት ሌቪና ባልደረቦቹ በቦስተን አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የገበሬ ቤት ውስጥ የሌግሆርን ጫጩቶችን በሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን ኦክሲቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ፣ ለሁለተኛው ወገን መድኃኒት የሌለበት መኖ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ መድኃኒቱን የተመገቡት ዶሮዎች የአንጀት ባክቴሪያዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል ቴትራሳይክሊንን የተላመዱ ሆኑ። ከአምስትና ከስድስት ወራት በኋላ ደግሞ በዚያው ቤት ከሚኖሩ ሰዎች በየሳምንቱ ከተወሰደው የሰገራ ናሙና 31.3 በመቶው አብዛኛው ባክቴሪያ ቴትራሳይክሊንን የተላመደበት ሆኖ ተገኘ። በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ይህ ቁጥር 6.8 በመቶ ብቻ ነበር። ሰዎቹ መድኃኒቱን አልዋጡም፤ ከዶሮዎቹ ጋር ግን አብረው ኖረዋል።

ከዚህ ሁለተኛ ትምህርትም ተገኝቷል። በዶሮዎቹ አንጀት የታዩት ባክቴሪያዎች ውሎ አድሮ ቴትራሳይክሊንን ብቻ ሳይሆን በመኖው ውስጥ ያልነበሩ ሌሎች መድኃኒቶችንም ተቋቁመዋል። ምክንያቱ ፕላዝሚድ የተባለው፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ የዘረመል ቅንጣት ነው። አንድ ፕላዝሚድ የብዙ መድኃኒቶችን መከላከያ በአንድነት ሊሸከም ስለሚችል፣ በአንዱ መድኃኒት የሚደረግ ጫና ሌሎቹንም መከላከያዎች አብሮ ያበዛል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1969 የስዋን ኮሚቴ ለሰው ሕክምና የሚውሉ መድኃኒቶች ለማወፈሪያነት እንዳይውሉ መከረ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986 ልማዱን በሕግ ስታግድ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2006 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከለከለው።

ከልደታ የተገኘው ማስረጃ

በኢትዮጵያ መድኃኒት የመላመድ ጥናት ከዶሮ አልጀመረም፤ የጀመረው ከታማሚው ሰገራ ነው። በሕክምና ፋኩልቲው ያስተማሩት መሰለ ገደቡ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአዲስ አበባ የተገኙ ሳልሞኔላዎችን የመድኃኒት መላመድና አር ፋክተር የተባለውን ተላላፊ ባሕርይ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። አር ፋክተር ዛሬ ፕላዝሚድ የሚባለው ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ይህንን ባሕርይ በሺጌላ ላይ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነበር። ከሃያ ዓመታት ያህል በኋላ በአዲስ አበባ ላቦራቶሪ መመርመሩ ችግሩ ትናንት የመጣ እንዳልሆነ ያስረዳል። በዚያን ዘመን የእንቁላል ፋብሪካዎች በከተማው ዙሪያ ገና አልተስፋፉም ነበር።

ቀጣዩ ምዕራፍ የታወቀው ከውጭ አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ ላቦራቶሪዎች ሳልሞኔላ ኮንኮርድ የተባለ፣ እስከዚያ ጊዜ ብርቅ የነበረ ዓይነት ይዘግቡ ጀመር። ታማሚዎቹ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የተወሰዱ ሕፃናት ነበሩ። ባክቴሪያው የተለመዱትን መድኃኒቶች ከመቋቋሙም በላይ ሴፍትሪያክሶንን የመሰሉ የሦስተኛው ትውልድ ሴፋሎስፖሪኖችን የሚያፈርስ ኤንዛይም ነበረው። በፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሥራ ይህ ኤንዛይም ሲቲኤክስ-ኤም-15 መሆኑን አሳውቋል።

ጥያቄው ባክቴሪያው ሕፃናቱን ያገኘው በማቆያ ተቋማት ውስጥ ብቻ ነው ወይስ በአገሪቱ ውስጥ በሰፊው ይዘዋወራል የሚል ነበር። መልሱን የሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕክምና በመጡ ሕፃናት ላይ የተካሄደው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ይህ ሥራ ከሕፃናቱ ከተለዩት ሳልሞኔላዎች ዋነኛው ኮንኮርድ እንደሆነና ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት የተላመደ መሆኑን አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ዓለም አቀፍ የዘረመል ጥናት ደግሞ የኮንኮርድን የዘር ሐረግ ሲተነትን፣ በብዙ አገሮች የሚገኙት ሐረጎች መድኃኒትን እምብዛም ያልተላመዱ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰኑት ሐረጎች ግን ለከባድ የሳልሞኔላ ሕመም የሚታዘዙትን አብዛኞቹን መድኃኒቶች የሚቋቋሙ መሆናቸውን አሳይቷል።

የዚህ ትርጉም ለሕፃናት ሐኪም ግልጽ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሳልሞኔላ ወደ ደሙ ሲገባ የመጀመሪያው መርፌ በአብዛኛው ሴፍትሪያክሶን ነው። ያ መርፌ ካልሠራ በብዙ የክልል ሆስፒታሎች ቀጥሎ የሚሰጥ መድኃኒት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከዶሮዎቹ የተገኘው ምን ነበር?

የእንስሳት ሐኪሞች በበኩላቸው ዝም አላሉም። በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ይሠሩ የነበሩት ባይለየኝ ሞላና ባልደረቦቻቸው በደብረ ዘይትና በአዲስ አበባ ከተሸጡ የዶሮ ሥጋና ሆድ ዕቃ ሳልሞኔላዎችን ለይተው ብዙዎቹ ከአንድ በላይ መድኃኒት የተላመዱ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት አሳተሙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ታደሰ እጓለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚገኙ 48 የዶሮ እርባታዎችን መርምረው በ7ቱ ሳልሞኔላ አግኝተዋል። ከተለዩት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ሳልሞኔላ ሴንትፖል ሲሆኑ ታይፊሙሪየምና ኬንታኪም ተገኝተዋል። በስፋት የታየው መላመድ ለቴትራሳይክሊን ነበር።

ኬንታኪ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ሲፕሮፍሎክሳሲንን የተላመደ የሳልሞኔላ ኬንታኪ ሐረግ ከሰሜንና ምሥራቅ አፍሪካ በመንገደኞች አማካይነት ወደ አውሮፓ መግባቱን ሲገልጽ፣ ይኸው ሐረግ ከኢትዮጵያ፣ ከሞሮኮና ከናይጄሪያ በተወሰዱ የዶሮና የተርኪ ናሙናዎች ውስጥ መገኘቱንም አመልክቷል። ይህም በዚህኛው ዓይነት መተላለፍ ላይ ዶሮ ድርሻ ሊኖራት እንደሚችል ይጠቁማል።

እነዚህን ሁለት ዝርዝሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በልደታ የሕፃናቱን ዝርዝር የሚመራው ኮንኮርድ ነው። በእርባታዎቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ሴንትፖል፣ ታይፊሙሪየምና ኬንታኪ እንጂ ኮንኮርድ አልታየም። እንግዲህ እጅግ አስጊ የሆነው የሕፃናት ሳልሞኔላ ከእንቁላል ዶሮ የመጣ ነው ብሎ ለመናገር ማስረጃው አይፈቅድም። በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰኑት የኮንኮርድ ሐረጎች ሴፋሎስፖሪን እንዲላመዱ የገፋፋቸው ጫና ከዶሮ ጓሮ ይልቅ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የሚገኝ ሊሆን ይችላል፤ ሴፍትሪያክሶን በብዛት የሚወጋው በዚያ ነውና።

በቴትራሳይክሊን በኩል ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ይህ መድኃኒት ለሰው በካፕሱል፣ ለከብት በመርፌ፣ ለዶሮ በመጠጥ ውኃ ይሰጣል። ኦክሲቴትራሳይክሊን በአገሪቱ የእንስሳት ሕክምና በብዛት ከሚሠራባቸው መድኃኒቶች ግንባር ቀደሙ ነው። ስለዚህ ዶሮዋና ሕፃኑ የሚጋሩት ባክቴሪያውን ከመሆኑ አስቀድሞ የመድኃኒት መደርደሪያውን ነው። ሌቪ እንዳሳየው ደግሞ የአንዱ መድኃኒት ጫና ሌሎችን መከላከያዎች የተሸከመ ፕላዝሚድ ሊያበዛ ይችላል።

ከጓሮ ወደ ማድቤት

የልደታ አሮጌ ሰፈሮች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየፈረሱ በኮንዶሚኒየም ሲተኩ በግቢ ዶሮ የማርባት ልማድም አብሮ ቀንሷል። ዶሮዋ አሁን የምትመጣው ለበዓል፣ ከነሕይወቷ፣ ከልዩ ልዩ አውራጃዎች ከተሰበሰቡ ጋር በአንድ ቅርጫት ታጭቃና በዶሮ ተራ አድራ ነው። በመንገድ የተራበችና የተጨነቀች ዶሮ ሳልሞኔላን በኩሷ ይበልጥ ትጥላለች፤ የአንዷ ባክቴሪያም የሁሉም ይሆናል። የገጠሩ ጓሮ በዚህ መንገድ ከከተማው ማድቤት ጋር ይገናኛል።

ዶሮ ወጥ ራሱ አያስፈራም። ለረጅም ሰዓት የሚንተከተክ ወጥ ሳልሞኔላን አይተውም፤ ተቀቅሎ የሚገባው እንቁላልም እንዲሁ። አደጋው ያለው ወጡ ከመሠራቱ በፊት ነው። ዶሮዋ ስትነጭና ስትበለት፣ ሥጋዋ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ሲታጠብ የሚፈናጠቀው ውኃ፣ ሰላጣ የሚከተፍበት ያው መክተፊያ፣ በዚያው እጅ የሚጎርስ ሕፃን ዋነኞቹ የመተላለፊያ መንገዶች ናቸው። ለሳል ወይም ለጉልበት ይበጃል ተብሎ የሚጠጣ ጥሬ እንቁላልም እንዲሁ አደጋ አለው፤ እንቁላሉ የሐበሻ መሆኑ ከዚህ አያድነውም።

የሕግ መሠረትና የባለሙያው ድርሻ

በሕግ በኩል መሠረቱ ተጥሏል። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። መድኃኒት የመላመድን ችግር ለመከላከል የተዘጋጀው ብሔራዊ ስትራቴጂም ተሻሽሎ ከ2021 እስከ 2025 የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድነት እንዲመለከት ተደርጓል። ይሁን እንጂ ካፕሱሉ የሚሸጠው በመደብሩ መስኮት ላይ ስለሆነ ብዙው ነገር የሚወሰነው ከወረቀቱ ይልቅ በባለሙያው እጅ ነው።

በመጀመሪያ፣ የፋርማሲ ባለሙያው ቴትራሳይክሊን ያለ ማዘዣ የሚጠይቅን ሰው ለማን እንደሚወስደው ቢጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «ለዶሮ ነው» ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ፈንግል በካፕሱል እንደማይድን ነግሮ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መላክ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይሠራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ከቤት ለቤት ትምህርቷ ጋር ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንዱን የክትባት ብልቃጥ እንዲካፈሉ መምከር ትችላለች። አስቀድማ የተከተበች ዶሮ ካፕሱሉ የሚታሰብበትን ምክንያት ታስቀራለች።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ትኩሳት ላለበት ታማሚ ሁሉ የዊዳል ምርመራ አይቶ መድኃኒት ማዘዝ ሳልሞኔላን አያሳውቅም፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራም አይነግርም። ካልቸር በሚሠራበት ሆስፒታል ሁሉ ከከባድ ሕመምተኛ ሕፃን ደም ወስዶ ማስመርመር፣ ውጤቱን መዝግቦ ማስቀመጥና ለማዕከል ማስተላለፍ ግዴታ ሊሆን ይገባል። የሳልሞኔላ ኮንኮርድ ጉዳይ በስፋት የታወቀው በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች እንደነበር መዘንጋት አይገባም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ከከለከለች ወዲህ ያ መስኮት ተዘግቷል። ከእንግዲህ ወሬውን የሚነግረን የኮፐንሃገን ወይም የፓሪስ ላቦራቶሪ አይሆንም፤ የራሳችን መሆን አለበት።

በሦስተኛ ደረጃ፣ በልደታ የሚገኘው የሕፃናት ዝርዝርና በቢሾፍቱ የሚገኘው የዶሮዎች ዝርዝር በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ኮንኮርድን ከዶሮ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አለመታየቱንም፣ ኬንታኪ ከዶሮ ጋር መገናኘቱንም የሚያሳየው ይኸው ንጽጽር ነውና።

ማጠቃለያ

የሐበሻ ዶሮ የመድኃኒት መላመድ መነሻ አይደለችም፤ ከእርሱም ነፃ አይደለችም። ባክቴሪያዎቿን ያሠለጠናቸው ለሰው ተብሎ ተሠርቶ፣ ላልተገባ በሽታ፣ ባልተገባ መጠን የተሰጠ መድኃኒት ነው። ይኸው መድኃኒት በሕፃናት ክፍልም ሆነ በመደብር መስኮት በተመሳሳይ ግዴለሽነት ከተሰጠ ውጤቱ አይለወጥም። የዶሮዋን ኩስ የሚመረምረውና የሕፃኑን ደም የሚመረምረው ባለሙያ አንድ በሽታ እየተከታተሉ መሆናቸውን ሲረዱ፣ ለሚቀጥለው ሕፃን የሚወጋው የመጀመሪያ መርፌ የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል።